«አይቆጠርም» የተባለው መጽሐፍ፦ ከቴሌቪዥን የተወለዱ ልብወለዶች ነገር

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ፒያሳ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ አንጥፎ ከሚሸጥ ልጅ አንድ የስታር ትሬክ (በጠፈር መርከብ ስለሚዞሩ ሰዎች የሚተርከው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ) ልብወለድ ገዛ። የሽፋኑ ጥግ ተልጧል፤ ውስጡ አንድ የባሕር ማዶ ቤተ መጻሕፍት «ተወግዷል» ብሎ የመታበት ማኅተም አለ፤ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ቁጥር ተጽፎበታል። ልጁ ከእንግሊዝኛው ጋር እየታገለ፣ በየኅዳጉ በእርሳስ ፍቺ እየጻፈ በሦስት ሳምንት ጨረሰው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ጓደኛው ታሪኩን ማውራት ሲጀምር ያኛው በግማሽ አቋረጠው። «እሱ እኮ አይቆጠርም» አለው። «ቴሌቪዥኑ ላይ የለማ!»

ቤት ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሸት ነው ያነበብኩት?»

ልብወለድ ድሮስ ውሸት አይደል ወይ ብዬ ልሸኘው ከጅሎኝ ነበር። ግን ነገሩ እኔንም በልጅነቴ አብከንክኖኛል። ዛሬም ስታር ትሬክን፣ የእንግሊዙን የቴሌቪዥን ተከታታይ ዶክተር ሁን ወይም የስታር ዋርስ ፊልሞችን በሚወዱ ልጆች መሐል ትልቁ ጭቅጭቅ ይኸው ነው። አንዱ የሚያነበውን ሌላው «አይቆጠርም» ይለዋል፤ ለምን እንደማይቆጠር፣ ቆጣሪውስ ማን እንደሆነ ግን ብዙዎቹ አያውቁም። እስኪ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?

እኛ የለመድነው መንገድ ከመጽሐፍ ወደ አየር የሚወስደውን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ጻፉ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፣ አገር ሥራ ፈትቶ ሰማ። መጽሐፉ እናት፣ ትረካው ልጅ። እዚህ የማወራው የተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ይመጣል፤ መጽሐፉ ከቴሌቪዥኑ ይወለዳል። ፈረንጆቹ «ታይ-ኢን» ይሉታል፣ የተያያዘ እንደማለት። በአማርኛ የጸና ስም ስለሌለው ለጊዜው «ተጓዳኝ ልብወለድ» ልበለው፤ የተሻለ ስም ወደ ታች ይመጣል።

ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በቴሌቪዥን የታየውን ክፍል መልሶ በጽሑፍ የሚተርክ ነው። ስታር ትሬክ በአሜሪካ መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው። በዓመቱ ጄምስ ብሊሽ የተባለ ደራሲ የየክፍሉን ስክሪፕት እየተቀበለ ወደ አጭር ታሪክ መቀየር ያዘ። ሥራው 12 ቅጽ ደረሰ፤ ብሊሽ በ1975 ሲሞት የቀረውን ባለቤቱ ፈጸመችው። ሁለተኛው መልክ ገጸ ባሕርያቱንና ዓለማቸውን ወስዶ ቴሌቪዥን ላይ ጨርሶ ያልታየ አዲስ ታሪክ የሚፈጥር ነው። ለአዋቂ አንባቢ የተጻፈውን የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ የስታር ትሬክ ልብወለድ ያወጣው ያው ብሊሽ ነው፣ በ1970። ልብ በሉ፤ ተከታታዩ በ1969፣ 79 ክፍል ታይቶ ተቋርጧል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ መጽሐፉ ቀጠለ። የእህቴ ልጅ የገዛውም ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ይህን ሁለተኛውን ለመረዳት አለቃ ገብረ ሃናን አስቡ። አለቃ በእውነት የኖሩ ሊቅ ናቸው፤ በስማቸው የሚወራው ቀልድ ሁሉ ከእሳቸው አፍ ወጣ የሚል ሰው ካለ ግን ቀልደኛው እሱ ራሱ ነው። ሰው ጥሩ ቀልድ ሲያገኝ በአለቃ ስም ያወራዋል፤ ሰሚው ጠባያቸውን ስለሚያውቅ ገና «አለቃ አንድ ቀን...» ሲባል ጥርሱን ገልጦ ይጠብቃል። ተጓዳኝ ልብወለድም የሚሠራው በዚህ ብልሃት ነው። የስታር ትሬኩ ካፒቴን ኪርክ ማን እንደሆነ፣ ባልደረባው ስፖክ ለምን እንደማይስቅ ለማስረዳት ሃምሳ ገጽ አይፈጅም፤ አንባቢው አውቆ ነው የመጣው። ልዩነቱ፣ አለቃን ማንም ያለ ፈቃድ ያነሣቸዋል። ኪርክን አንሥቶ መጽሐፍ መሸጥ ግን ፍርድ ቤት ያስቀርባል።

የሌላ ሰው ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

የተከታታዩ ባለመብት፣ ብዙውን ጊዜ ስቱዲዮው፣ ለአንድ አሳታሚ ፈቃድ ይሸጣል። አሳታሚው ደራሲ ይፈልጋል። ደራሲው የታሪኩን ዕቅድ በጥቂት ገጽ ጽፎ ያቀርባል፤ ዕቅዱን አርታኢው ካየው በኋላ ወደ ባለመብቱ ቢሮ ይሄዳል። ከዚያ «ይኼ ሰውዬ እንዲህ አይናገርም»፣ «ያችን ፕላኔት አትንካት» የሚል አስተያየት ይዞ ይመለሳል። ተስተካክሎ ይጻፋል፣ የተጻፈውም እንደገና ይታያል። ሲታተም የቅጂ መብቱ አብዛኛውን ጊዜ የባለመብቱ ይሆናል። የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ አለ፤ ቤቱ ግን የኪራይ ነው።

«በሰው ሐሳብ፣ በሰው ፈቃድ የተጻፈ ነገር ምን ጥበብ አለው?» የሚል ይኖራል። እንዲህ የሚል ጎንደሬ ካለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይግባና ግድግዳውን ይይ። ሠዓሊው ቅዱስ ጊዮርጊስን አልፈጠረውም። ፈረሱ ነጭ መሆኑን እሱ አልወሰነም። ጻድቁ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ፣ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይን እንዲሣል የተቀበለው ሥርዓት ነው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል የቀረችለት ቦታ ምን ያህል ናት? የዓይን አጣጣል፣ የልብስ እጥፋት፣ የቀለም አመራረጥ። በዚያች ቦታ ላይ ነው አንዱ ሠዓሊ ከሌላው የሚለየው። ጎበዝ ተጓዳኝ ደራሲም እንደዚሁ ነው፤ ሰነፉ ደግሞ ሥርዓቱን ብቻ ቀድቶ ይሄዳል። ሰነፎቹ ብዙ መሆናቸውን አልደብቅም።

ሌላም ያልተጻፈ ሕግ አለባቸው። እኔ የእድር ሳህን ሕግ እለዋለሁ። እናቶቻችን ለድግስ የእድር ሳህን ሲዋሱ ቆጥረው ይረከባሉ፣ ቆጥረው ይመልሳሉ፤ መሐል ላይ ምን ወጥ እንደወጣበት ማንም አይጠይቃቸውም። ብቻ አይሰበር። ተከታታዩ በቴሌቪዥን እየሄደ የሚጻፍ ልብወለድም ሁሉን በየቦታው መመለስ አለበት። ዋናው ሰው አይሞትም፣ መርከቧ ተሰብራ አትቀርም፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ተጣልተው አይለያዩም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቴሌቪዥኑ ይፈልጋቸዋላ። «መጨረሻው ተመልሶ መጀመሪያው ይሆንብኛል» ብሎ የሚያማርር አንባቢ ያጋጠመው ይህ ነው። ብልህ ደራሲ ታዲያ የራሱን ሳህን ይዞ ይመጣል። አዲስ ሰው ይፈጥራል፤ ያ ሰው የራሱ ስለሆነ ሊገድለውም፣ ሊያሳብደውም፣ ሊድረውም ይችላል። በእነዚህ መጽሐፎች ውስጥ ልብ የሚነካው ሞት አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ አይተነው የማናውቀው ሰው ሞት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። አንድ ወዳጄ ከእነዚህ መጽሐፎች አንዱን ወደ አማርኛ መልሶ ሊያሳትም አስቦ ደራሲውን በኢሜይል ፈቃድ ሊጠይቅ ነበር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኼ በእኛው ዓመት ነው) መተርጎምም ማላመድም የባለመብቱ መብት ነው። እዚህ ላይ ባለመብቱ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ሰው ላይሆን ይችላል። ሽፋኑን ሳይሆን የርእሱን ገጽ ጀርባ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በትንንሽ ፊደል የታጨቀውን፣ ማንም የማያነበውን። የእህቴን ልጅ መጽሐፍ ገልጬ አሳየሁት። የቅጂ መብት ምልክቷ አጠገብ የሰፈረው የኩባንያ ስም ነው። ደራሲውን ከሽፋኑ በስተቀር ብትፈልጉት የለም።

«አይቆጠርም» ማለትስ ምን ማለት ነው?

የተሻለውን ስም ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከመሪጌታው ነው። ልጁ ሲያማርርብኝ ቡና ላይ ነበርን። የኔታ ስኒያቸውን ይዘው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ይኼ መጽሐፍ ከአሥራው ነው ከአዋልድ?» አሉት። ልጁ አልገባውም። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ በሃያ ዓመት ክርክር ያላገኘነውን ቃል በአንድ ስኒ ጨረሱት።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለማያውቅ፦ ሰማንያ አሀዱ የሚባሉት መጻሕፍት አሥራው ናቸው፣ ሥሮች። ገድሉ፣ ድርሳኑ፣ ተአምሩ አዋልድ ይባላል፤ በግዕዝ ሴቶች ልጆች ማለት ነው። ተአምረ ማርያም ከሰማንያ አሀዱ ውስጥ የለም፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይነበባል፣ ሕዝቡ ይወደዋል። አዋልድ ከአሥራው ይወጣሉ፣ አሥራውን ያብራራሉ፣ ከአሥራው ጋር ግን መጋጨት የለባቸውም። ቅዱሱን ከጠፈር መርከብ ጋር አነጻጸርክ እንዳትሉኝ፤ የማነጻጽረው አቆጣጠሩን ብቻ ነው፣ ያም በየኔታ ቡራኬ ነው።

ደግሞም ንጽጽሩ ከአየር የመጣ አይደለም። ፈረንጆቹ የሚቆጠረውን «ካነን» ይሉታል። ቃሉ የእኛው «ቀኖና» ነው፤ ሁለቱም ከግሪክ የመጡ፣ ሥራቸው የመለኪያ ዘንግ ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በኋላ ካህን የሆነ፣ በ1911 የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንትን የምርመራ ዘዴ ለቀልድ በሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች ላይ ሞከረው። ቀልዱ ጨዋታ ወለደ፤ የሆምስ ወዳጆች የደራሲውን የራሱን ታሪኮች «ካነን» ማለት ለመዱ። የቴሌቪዥን ወዳጆች ከእነሱ ወረሱት።

ስለዚህ «አይቆጠርም» ሲባል መጽሐፉ የውሸት ነው፣ የተሰረቀ ነው፣ ወይም ደካማ ነው ማለት አይደለም። ነገ የተከታታዩን ቀጣይ ክፍል የሚጽፍ ሰው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለተከሰተው ነገር የመታዘዝ ግዴታ የለበትም ማለት ነው። በቃ። ግዴታው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚፈስሰው፣ እንደ አንገረብ ወደ ታች፤ መጽሐፉ ቴሌቪዥኑን ማክበር አለበት፣ ቴሌቪዥኑ መጽሐፉን ላያውቀውም ይችላል።

ቆጣሪው ማን ነው?

እንደየቤቱ ነው፤ የልጆቹ ጭቅጭቅ ግማሹ የሚመጣው የአንዱን ቤት ሕግ ለሌላው ስለሚያውሱት ይመስለኛል። በስታር ትሬክ ቤት የቆየው ልማድ ግልጽ ነው፤ በስክሪን የታየ ይቆጠራል፣ የተጻፈ አይቆጠርም። ዶክተር ሁ ጋ ቁርጥ ያለ ፍርድ የሰጠ የለም፤ ዋናው ሰውዬ ራሱ በጊዜ ውስጥ እየተመላለሰ ያለፈውን የሚቀይር ስለሆነ ፍርዱም ብዙ አይጠቅምም ነበር። ባቢሎን 5 የተባለው የ1990ዎቹ ተከታታይ ለየት ይላል። ፈጣሪው ስትራዚንስኪ ለአንዳንዶቹ ልብወለዶች የታሪኩን ንድፍ ራሱ ለደራሲዎቹ ስለሰጠ እነዚያ እንደ ተከታታዩ አካል ይቆጠራሉ። ስታር ዋርስ የፊልም ቤት ቢሆንም አሁን በቴሌቪዥንም ስለሚኖር የእሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ፤ እዚያ የደረሰው ነገር ብዙ አንባቢ አስለቅሷል።

ያለ ፈቃድ፣ ያለ ገንዘብ፣ ለፍቅር ብቻ የሚጻፈው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ቴሌግራም ላይ የምታገኙት አብዛኛው የወዳጆች ድርሰት ከዚያ ወገን ነው። ተጓዳኝ ልብወለድ አይባልም።

ከልጅ ወደ እናት የሚወጣ ነገር የለም?

አለ፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ኡሁራ የምትባለዋን የስታር ትሬክ የመገናኛ መኮንን አስታውሱ፣ ኒሼል ኒኮልስ የተጫወተቻትን። ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው ነጻነት የሚል ትርጉም ካለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው። በ1966 ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የጠፈር መርከብ መኮንን ሆና መታየቷ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ተዋናይዋ ልትለቅ ስታስብ «አትልቀቂ» ብሎ የመለሳት ማርቲን ሉተር ኪንግ መሆኑን እሷ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ግን ኡሁራ በዚያ ተከታታይ ሙሉ ዕድሜዋ የመጀመሪያ ስም አልነበራትም። በ1980ዎቹ መጽሐፍ ላይ «ኒዮታ» ተባለች፤ ይህም ስዋሂሊ ነው፣ ኮከብ ማለት ነው። ልብወለድ ጸሐፊዎቹ ተቀባበሉት። በመጨረሻ በ2009 ፊልሙ ላይ ስሟ ጮክ ተብሎ ተጠራ። እስከዚያ ድረስ ስሟን ያቆዩላት አዋልዶቹ ናቸው።

የመርከቧ ነጂ ሱሉም እንዲሁ ነው። ቮንዳ ማክንታየር በ1981 ባወጣችው ልብወለድ «ሂካሩ» ብላ ስም አወጣችለት፤ በ1991 ፊልም ላይ ራሱ በዚያ ስም ራሱን ሲጠራ ተሰማ።

ሙሉ ታሪክ የወጣበትም ጊዜ አለ። ዶክተር ሁ በ1989 ከአየር ሲወርድ ታሪኩ በልብወለድ ቀጠለ። ከነዚያ ልብወለዶች አንዱን ፖል ኮርኔል በ1995 ጻፈው፤ ጀግናው ማንነቱን ረስቶ ተራ አስተማሪ ሆኖ ሰው የሚወድበት ታሪክ ነው። ተከታታዩ በ2005 ተመልሶ ሲመጣ ይኸው ደራሲ ተጠርቶ በ2007 ያንኑ ልብወለድ ወደ ሁለት ክፍል አላመደው። ቅደም ተከተሉን አስቡት፤ ከቴሌቪዥን የተወለደ መጽሐፍ መልሶ ቴሌቪዥን ወለደ። ያን ሁለት ክፍል ፍላሽ ላይ አስጭኜ ሳየው መጽሐፉ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሳውቅ እንደገና አየሁት።

የተወደደው መጽሐፍ አንድ ቀን ቢሻርስ?

ይሻራል። የስታር ዋርስ ወዳጆች ለሃያ ዓመት ያህል ከፊልሞቹ በኋላ የሆነውን ያነበቡት በልብወለድ ነበር። ጀግኖቹ አገቡ፣ ወለዱ፣ ልጆቻቸው አደጉ፣ አንዳንዶቹም ሞቱ። ዲዝኒ የስታር ዋርስን ኩባንያ በ2012 ገዛው። አዳዲስ ፊልሞች ሊሠራ ስለነበር በኤፕሪል 2014 እነዚያ መጽሐፎች በሙሉ ከቁጥር መውጣታቸው ተነገረ። መታተማቸው አልቀረም፤ ሽፋናቸው ላይ ግን «አፈ ታሪክ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተለጠፈ። በአንጻሩ ከዚያ ወዲህ የሚጻፉት ከፊልሙ እኩል እንዲቆጠሩ ተወሰነ።

ከተሻሩት ውስጥ ትራውን የሚባል ሰማያዊ ቆዳ ያለው የጦር አዛዥ ነበር፤ ቲሞቲ ዛን በ1991 ልብወለድ የፈጠረው። በ2014 ከሌሎቹ ጋር ወጣ። በ2016 በአኒሜሽኑ ተከታታይ ተመልሶ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ዛን ራሱ ስለ እሱ አዲስ ልብወለድ ጻፈ፤ በ2023 ደግሞ ሥጋ ለብሶ በተዋናይ ታየ። ሰውዬው ያው ነው፤ ያን የመጀመሪያ ሕይወቱን ግን አልኖረውም። ይህን ለየኔታ ሳስረዳቸው «ስሙን አግብተው ገድሉን አስቀሩት በለኛ» አሉኝ።

የስታር ትሬክ ደራስያን የገጠማቸው ተመሳሳይ ነው፤ አያያዛቸው ግን ማረከኝ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መጽሐፎቻቸውን እርስ በእርስ እያያዙ ትልቅ ታሪክ ገንብተው ነበር። በ2020 ስለ ሌላው የስታር ትሬክ አዛዥ፣ ስለ ካፒቴን ፒካርድ፣ አዲስ ተከታታይ ሲመጣ ታሪኩ ከእነሱ ጋር አልገጠመም። የታች ያለው ለላይኛው መታዘዝ አለበት። እነሱም ዝም ብለው አልተበተኑም፤ ሦስት ደራስያን በ2021 ሦስት ቅጽ ጽፈው ያ የመጽሐፍ ዓለም ራሱን ለሌላው ሲል ሲሠዋ አሳዩ። ለገነቡት ዓለም ተዝካር አወጡለት ማለት ይቻላል።

የማይቆጠር ከሆነ ለምን ይነበባል?

መጀመሪያውን ምክንያት የዛሬ ልጆች አይረዱትም። ድሮ ቴሌቪዥን አንዴ ካለፈ አለፈ። ዶክተር ሁ በኖቬምበር 1963 ሲጀምር ለመቅረጫ የሚያገለግለው ቴፕ ውድ ነበር፤ ክፍሉን ደግሞ የሚያይ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቢቢሲ ቴፖቹን እያጠፋ ሌላ ቀረጸባቸው፤ የፊልም ቅጂዎቹም ተጣሉ። ከ90 በላይ ክፍሎች ምስላቸው እስከ ዛሬ የለም። ድምፃቸው የቀረው በየቤታቸው ሬዲዮ መቅረጫ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀመጡ ልጆች ስለቀዱት ነው። ታርጌት የሚባል የሕትመት ስም ከ1973 ጀምሮ እነዚህን ታሪኮች በልብወለድ መልክ ያወጣ ነበር፤ ቴራንስ ዲክስ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል። ለአንድ ትውልድ የእንግሊዝ ልጆች ያለፈውን ክፍል «ደግሞ ማየት» ማለት የዲክስን መጽሐፍ ማንበብ ነበር። 

እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት በቪዲዮ ቤት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ጎንደር ሰፈራችን ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ነበረች፤ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ፊት ለፊት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን። አንድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ካራቴ ሲጠብቅ ባለቤቱ በስህተት የስታር ትሬክ ካሴት ከተተ። ፒካርድ በጠላት ተማርኮ ግማሽ ሰው ግማሽ መኪና ሆኖ ተመለሰ፤ ምክትሉ በገዛ አዛዡ ላይ «ተኩስ» ብሎ አዘዘ። ክፍሉ እዚያ ላይ አለቀ። አሜሪካኖቹ መልሱን ለማየት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 1990 ጠብቀዋል። እኔ አራት ዓመት ጠበቅሁ፤ ሁለተኛው ካሴት ጎንደር አልደረሰማ። እስከዚያ በባለ 50 ገጽ ደብተር ቀጣዩን ራሴ ጻፍኩት። በእኔ ቅጂ ፒካርድ የሚድነው ጸበል ተጠምቆ ነው። እውነተኛውን ሳየው፣ ከይቅርታ ጋር፣ የእኔ አይከፋም ነበር።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየው የከፈለበትን ብቻ ነው። እነ ኪርክ መርከባቸውን ሳያሳርፉ በብርሃን ተበትነው ፕላኔት ላይ የሚገኙት ለምን ይመስላችኋል? በየሳምንቱ የመርከብ ማረፍ ቀርጾ ማሳየት በጀቱ አልቻለውም ነበር። መጽሐፍ ላይ ሺህ መርከብ ለማቃጠል የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፍ ከስፖክ ግንባር ጀርባ ይገባል። ተዋናይ ቅንድቡን ከፍ ሲያደርግ እኛ እንገምታለን፤ ደራሲ ቅንድቡ ከፍ ከማለቱ በፊት ምን እንደታሰበ ይነግረናል። የእህቴ ልጅ በእርሳስ ካሰመረባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ምንም ያልተተኮሰባቸው፣ አንድ ሰው በመስኮት ጨለማውን እያየ የሚያስብባቸው ገጾች።

አልፎ አልፎ ደግሞ ከፊልሙ ተቆርጦ የቀረ ነገር መጽሐፉ ላይ ይገኛል። ልብወለዱ የሚጻፈው ቀረጻው ሳያልቅ ከስክሪፕት ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ልብወለድ የወጣው ፊልሙ ከመታየቱ ከወራት በፊት በ1976 ነበር፤ የፊልሙ ጀግና ሉክ ከልጅነት ጓደኛው ከቢግስ ጋር በረሃው ላይ የሚያወራበት ፊልሙ ውስጥ የሌለ ቦታ እዚያ አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው የፊልሙ ዳይሬክተር የጆርጅ ሉካስ ስም ነው፤ የጻፈው ግን አለን ዲን ፎስተር ነው። ኪራይ ቤት ያልኳችሁ ይኼን ነው፤ አንዳንዴ የተከራዩ ስም በር ላይ እንኳ አይለጠፍም።

ሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥርስ?

ይህቺ ትንሽ ጥያቄ ናት፣ ግን ብዙ ብር ታስወጣለች። በድሮዎቹ የስታር ትሬክ ልብወለዶች ላይ ያለው ቁጥር የሕትመት ተራ ነው። ታሪኮቹ በአብዛኛው ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ሃያኛውን ለማንበብ ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ መሰብሰብ አያስፈልግም። «ቅጽ አንድ»፣ «ቅጽ ሁለት» የሚል ካለበት ወይም ሦስት መጽሐፍ በአንድ የጋራ ርእስ ከወጣ ግን ተያያዥ ነውና በተራው ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የታተመበትን ዓመት ማየት ይጠቅማል፤ ደራሲው ሲጽፍ ቴሌቪዥኑ የት ደርሶ እንደነበረ ይነግራችኋል። በ1985 የተጻፈ መጽሐፍ በ1995 ከታየ ክፍል ጋር ቢጋጭ ደራሲው ነቢይ አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ከዚያው ሻጭ ዘንድ ተመልሶ ሄደ። ሻጩ መቼም አራዳ ነው፤ ቁጥር ያለባቸውን አምስቱን ለይቶ በላስቲክ አስሮ ይጠብቀው ነበር። «ሙሉውን ካልወሰድክ ታሪኩ አይገባህም፣ ተከታታይ ነው» አለው። ልጁ ላስቲኩን ፈትቶ የእያንዳንዱን ሽፋን ሳይሆን የርእሱን ገጽ ጀርባ ሲያገላብጥ ሻጩ ግራ ገብቶት ያየዋል። አንዱን መርጦ ወሰደ። ቤት እንደገባ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ «አዋልድ» ብሎ ጻፈበትና ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ።